ጠርቶ የታየ ሁሉ ደኅና ነውን? ሕመምን ስለ ማስታገስና ስለ ኅሊና ኃላፊነት



በቁምስናችን ክልል ውስጥ በካንሰር ሕመም የተያዙ አንዲት እናት ለብዙ ወራት በአልጋ ላይ ቆይተው ነበር። ምስጢረ ቀንዲል ልሰጣቸው በሄድሁበት ምሽት ምግብም ሆነ ክኒን መዋጥ ተስኗቸው፣ ሕመሙና ማቅለሽለሹ ተባብረው አድክመዋቸው አገኘኋቸው። በአካባቢው የምትኖር አንዲት ነርስ በሐኪም ትእዛዝ ጠዋትና ማታ እየመጣች ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ስሪንጅ ቀላቅላ ቀስ አድርጋ ትሰጣቸው ነበር። አንዱ ሕመም የሚያስታግሰው ትራማዶል ነው፤ ሌላው ማስመለስን የሚከለክለው፣ ብዙዎቻችን ፕላዚል እያልን የምንጠራው ሜቶክሎፕራማይድ ነው። በዚያ ምሽት ታማሚዋ ግማሹን ከወሰዱ በኋላ ድካም ስለ ተጫናቸው ነርሷ ቀሪውን መስጠት አቆመች።

የበኵር ልጃቸው መድኃኒቱን ለመግዛት በግ ሸጦ ነበር። ስለዚህ፣ «የተረፈው ለነገ ይቀመጥ እንጂ ለምን ይደፋል?» ሲል ጠየቀ። ነርሷ ከመመለሷ በፊትም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እኔም ስሪንጁን ተቀብዬ ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። «ምንም አልሆነም፤ ለነገ ይቀመጥ» አልሁ። ነርሷ ግን በትሕትና፣ «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠርቶ ታየ ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም» ብላ ወስዳ ደፋችው። ልጁ ተቆጣ። እኔም በሰው ፊት ቃሌ በመሻሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ልጁ እኔን የጠየቀኝ መድኃኒት አውቃለሁ ብሎ አይደለም፤ ካህን ስለ ሆንሁ ነው። እኔም የመለስሁለት በማውቀው ነገር ላይ ቆሜ ሳይሆን በክህነቴ ክብር ላይ ቆሜ ነው። አሳቤ ቅን ነበር፤ የድኻ ገንዘብ በከንቱ እንዳይፈስ ነበር የፈለግሁት። ሆኖም ቅን አሳብ ብቻውን አንድን ሥራ መልካም ለማድረግ ይበቃልን? ይህ ጥያቄ ከዚያ ምሽት ወዲህ አልተለየኝም። ሕሙማንን የምትጠይቁ ምእመናንና ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶችም ብትሆኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ቀን ሳይገጥማችሁ አይቀርምና፣ የደረስሁበትን በአጭሩ ላካፍላችሁ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት መድኃኒቶች ለምን በአንድነት ይሰጣሉ?

በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ሲረዳ በቁስሉ ላይ ያፈሰሰው አንድ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ዘይትና ወይን ጠጅ ነበር። ወይኑ ቁስሉን ያጠራል፤ ዘይቱ ያለዝባል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ሲመክረን፣ እግዚአብሔር ከምድር ባወጣው መድኃኒት ቅልቅል የሚያዘጋጀውን ቀማሚ አብሮ ያነሣዋል። እንግዲህ መድኃኒትን ከመድኃኒት ጋር አዋህዶ የሰውን ሥቃይ ማቅለል የጥንት ጥበብ ነው።

በዘመናችንም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞርፊን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ፍሪድሪክ ሰርቱርነር በተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከኦፒየም ተለይቶ ከወጣ ጊዜ ጀምሮ ከጽኑ ሕመም ማስታገሻዎች ሁሉ ዋነኛው ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን ሞርፊንም ሆነ የእርሱ ዓይነት መድኃኒቶች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሰዎችን ያቅለሸልሻሉ። የሚያስመልስ ሰው ደግሞ የዋጠውን ማስታገሻ መልሶ ያወጣዋል፤ ሕመሙም ይመለስበታል። ስለዚህ ማስታገሻው ማቅለሽለሽን ከሚከለክል መድኃኒት ጋር ይሰጣል። ሕመምተኛው መዋጥ ሲያቅተው ደግሞ ሁለቱም በመርፌ መሰጠት ይኖርባቸዋል። በየጥቂት ሰዓቱ የከሳውን ሰውነት ደጋግሞ ከመውጋት ይልቅ በአንድ መርፌ ሁለቱን መስጠት ርኅራኄ ነው።

ይህ አሠራር በስፋት የታወቀው በብሪታኒያ ነው። ነርስም፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛም፣ በመጨረሻም ሐኪም የነበሩት ሲስሊ ሳውንደርስ በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈቱ። የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ ኅሊናን፣ ቤተሰብንና መንፈስን የሚነካ ሁለንተናዊ ሕመም እንደ ሆነም አስተማሩ። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮም ማርቲን ራይት የተባሉ ተመራማሪ የሠሩት፣ በባትሪ ኃይል ስሪንጅን ቀስ በቀስ የሚገፋ አነስተኛ መሣሪያ ለእነዚህ ሕሙማን አገልግሎት ዋለ። በአንድ ስሪንጅ የተቀላቀሉት መድኃኒቶች በቀጭን ቱቦ አልፈው ከቆዳ ሥር 24 ሰዓት ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይፈስሳሉ። ሕመምተኛው በቤቱ፣ በልጆቹ መካከል ሆኖ ያርፋል።

እዚህ ላይ ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ለአንድ አፍታ ተቀላቅለው ወዲያው የሚሰጡ መድኃኒቶች አንድ ነገር ናቸው፤ ቀንና ሌሊት በአንድ ስሪንጅ ውስጥ አብረው የሚቆዩት ግን ሌላ ናቸው። አብረው ሲቆዩ ምን ይሆናሉ?

ዓይን የሚያየውና የማያየው

የሚያውቁትን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ መድኃኒት ቀማሚዎች አንድ ቅልቅል ጸንቶ ይቆያል ከማለታቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ይመረምራሉ።

የመጀመሪያው ዓይን የሚያየው ነው። በመርፌ የሚሰጡ ብዙ መድኃኒቶች በውሃ ውስጥ ሟምተው የሚቆዩት የፈሳሹ አሲድነት ተመጥኖ ስለ ተዘጋጀ ነው። ሞርፊን፣ ሜቶክሎፕራማይድና ሃሎፔሪዶል ወደ አሲድነት ባደላ ፈሳሽ ውስጥ ይኖራሉ። ዴክሳሜታሶን የተባለው ግን በተቃራኒው ወደ አልካሊነት ያደላል። ስለዚህ ዴክሳሜታሶን ከሃሎፔሪዶል ጋር በአንድ ስሪንጅ ቢገናኝ ፈሳሹ ሊደፈርስና ዝቃጭ ሊያወጣ ይችላል። ሳይክሊዚን የሚባለው የማቅለሽለሽ መድኃኒት ደግሞ በተለመደው የጨው ውሃ ሲቀጠን እንደ ጨው ያለ ቅንጣት ሊሠራ ስለሚችል፣ ለመርፌ በተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ እንዲቀጠን ይመከራል። እነዚያው ሁለት መድኃኒቶች መጠናቸው ጥቂት ሲሆን ተስማምተው፣ መጠናቸው ሲበዛ ላይስማሙ ይችላሉ። ቅንጣቱ ቱቦውን ሊደፍን፣ የሕመምተኛውንም ቆዳ ሊጎዳ ይችላል፤ ሕመምተኛውም ማስታገሻው ሳይደርሰው በሌሊት ይሠቃያል።

ሁለተኛው ዓይን የማያየው ነው። ፈሳሹ ጠርቶ እያለ በውስጡ ያለው መድኃኒት ቀስ በቀስ ሊበላሽ ይችላል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ይህን ያፋጥናሉ። ሞርፊን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ እየቆየ ወደ ቢጫነት ሊለወጥ ይችላል፤ ሜቶክሎፕራማይድም ከብርሃን መጠበቅ አለበት። ሆኖም ቀለም ሁልጊዜ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ መርማሪዎች ክሮማቶግራፊ በተባለ ዘዴ ቅልቅሉ በተዘጋጀበት ሰዓትና ከዚያም በኋላ በየጊዜው የእያንዳንዱን መድኃኒት መጠን ይለካሉ። ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መጠን ቢያንስ 90 በመቶው ካልቀረ ቅልቅሉ ጸንቷል አይሉም። የተበላሸው ክፍል ወደ ምን እንደ ተለወጠም ይጠይቃሉ፤ የሚጎዳ ነገር ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛው የተሕዋስያን ነገር ነው። መድኃኒቱ በራሱ ብዙ ቀን የሚቆይ ቢሆን እንኳ፣ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የተዘጋጀ ቅልቅል ከጀርም ፈጽሞ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ሁኔታ የተዘጋጀው ከ24 ሰዓት በላይ እንዳያገለግል ይደረጋል። መርፌው አንድ ጊዜ ወደ ሰው አካል ከገባ በኋላ በስሪንጁ የተረፈው ደግሞ ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም። በዚያ ምሽት ነርሷ የደፋችው ይህን ስለምታውቅ ነበር። እኔ በመብራቱ ያየሁት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነበር፤ እርሱንም ቢሆን በሚገባ አላየሁትም።

አንድ ሌላ ነገርም ተማርሁ። «እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ይስማማሉን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ አይደለም። «በዚህ መጠን፣ በዚህ ፈሳሽ፣ በዚህ ሙቀት አልተመረመረም» የሚል ሦስተኛ መልስም አለ። በብሪታኒያ ሕግ እያንዳንዳቸው ፈቃድ ያላቸው ሁለት መድኃኒቶች ሲቀላቀሉ ቅልቅሉ ፈቃድ እንደሌለው አዲስ መድኃኒት ይቆጠራል። ለብዙ ዓመታት በሆስፒሶች የተለመደውን ይህን ሥራ ሕጉ በግልጽ ያቀፈው በ2009 በተደረገ ማሻሻያ ነው። ሕጉ የሚለን ነገር ቀላል ነው፤ ሁለት የታወቁ ነገሮች ሲገናኙ የሚወለደው ሦስተኛው ነገር ያልታወቀ ሊሆን ይችላል።

የተከበረ ልማድም ይመረመራል

አንዳንዱ ሰው፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ስናደርግ ኖረናል፤ ምን ጎዳን?» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። በለንደን በብሮምፕተን ሆስፒታል ስም የታወቀ አንድ የሚጠጣ ቅልቅል ነበር። በውስጡም ሞርፊን ወይም ዳያሞርፊን፣ ኮኬይን፣ አልኮልና ማጣፈጫ ይገኙበት ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ማስመለስን የሚከለክል መድኃኒት ይጨመርበት ነበር። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የሚሞቱትን ሕሙማን ያጽናና ስለ ነበር ሐኪሞች እንደ ውድ ቅርስ ይመለከቱት ነበር። በ1970ዎቹ ግን በቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ ሐኪሙ ሮበርት ትዋይክሮስ፣ በካናዳም ሮናልድ ሜልዛክና ባልደረቦቻቸው ቅልቅሉን ሞርፊን ብቻውን ከሚሰጥበት መንገድ ጋር አነጻጸሩት። የተገኘውም ሞርፊኑ ብቻውን ያንኑ ያህል እንደሚያስታግስና የቀሩት ጭማሪዎች ይህን ያህል ጥቅም እንደሌላቸው ነበር። የተከበረው ቅልቅልም ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ።

በዚህ ነገር የሚያስመሰግነው፣ ሐኪሞቹ የገዛ ቤታቸውን ልማድ ለመመርመር አለመፍራታቸው ነው። ያዘኑለትን ሰው የሚጠቅመው ይህ መሆኑን ለማወቅ ፈለጉ፤ ባወቁም ጊዜ ክብራቸውን ሳይሆን ሕመምተኛውን አስቀደሙ።

ሕመምን ማስታገሱ ራሱ የተፈቀደ ነውን?

አንዳንድ ምእመናን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ አላቸው። «ጌታችን ሊሰቀል ሲል ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን ሲያቀርቡለት አልተቀበለም፤ እኛስ ማስታገሻ መውሰዳችን ከመስቀሉ መሸሽ አይሆንብንምን?» ይላሉ። ጥያቄው ከእምነት የመጣ ነውና ሊናቅ አይገባውም።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በየካቲት 1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ይህንኑ አንሥተው መልሰዋል። የመልሳቸው ፍሬ አሳብ ይህ ነው። አንድ ክርስቲያን በነጻ ፈቃዱ ሥቃዩን ከክርስቶስ ሥቃይ ጋር አዋሕዶ ማስታገሻን ቢተው ሊመሰገን ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ጀግንነት በማንም ላይ የሚጫን ግዴታ አይደለም። ሌላ መንገድ ከሌለና ሕመምተኛው ሃይማኖታዊና ግብረ ገባዊ ግዴታዎቹን ከመፈጸም ካልታገደ፣ ማስታገሻው ዕድሜን ሊያሳጥር እንደሚችል ቢታወቅ እንኳ መስጠቱ የተፈቀደ ነው። በ1980 የወጣው ስለ ዩታኔዥያ የሚናገረው የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ መግለጫ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2279፣ እንዲሁም ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1995 ባወጡት የሕይወት ወንጌል በተሰኘው መልእክታቸው ይህንኑ አጽንተዋል። ትምህርተ ክርስቶሱ ለሚሞት ሰው የሚደረገውን የማስታገሻ እንክብካቤ ልዩ የፍቅር ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል።

የዚህ ትምህርት መሠረት ከቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ጀምሮ የዳበረው ስለ ሁለት ውጤቶች የሚናገረው ሕግ ነው። አንድ ሥራ በጎም ክፉም ውጤት በሚኖረው ጊዜ፣ ሥራው በራሱ ክፉ ካልሆነ፣ የምንፈልገው በጎውን ብቻ ከሆነ፣ በጎው በክፉው አማካይነት የሚገኝ ካልሆነና በቂ ምክንያት ካለ ሥራው ሊፈቀድ ይችላል። ሕመምን ለማቅለል መድኃኒት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ሕመምተኛውን ለመግደል መስጠት ግን ሌላ ነው። በሚገባ ተመጥኖ የሚሰጥ ሞርፊን ዕድሜን እንደማያሳጥር የማስታገሻ ሕክምና ጠበብት የሚመሰክሩ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀን ፍርሃት ከነገሩ እውነት ይበልጣል። ለዚያች እናት ልጆችም በዚያው ምሽት ይህን ነገርኋቸው፤ በዚህ ነገር እንኳ አልተሳሳትሁም።

ቅን አሳብና ትጋት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ስለ ሁለት ውጤቶች የሚናገረው ሕግ አሳብን በመሐል ያቆማል። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች፣ «አሳቤ ቅን ከሆነ የቀረው የእግዚአብሔር ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሕጉ ራሱ በቂ ምክንያት መኖሩን ይጠይቃል፤ በቂ ምክንያት መኖሩን የሚያውቅ ደግሞ ነገሩን የመረመረ ሰው ነው። የስሪንጁ ፈሳሽ የእኔን ቅንነት አያውቅም። ዴክሳሜታሶንና ሃሎፔሪዶል በቅዱስ ሰው እጅ ቢቀላቀሉም በግድየለሽ ሰው እጅ ቢቀላቀሉም ያው ናቸው።

ይህ ትምህርት ብዙ ዋጋ የተከፈለበት ነው። በብሪታኒያ ለብዙ ዓመታት ሁለት የሚመሳሰሉ ስሪንጅ ገፊ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ያገለግሉ ነበር። የአንዱ ፍጥነት የሚለካው በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚገፋ ነበር፤ የሌላው ግን በ24 ሰዓት። አንዱ ሌላው መስሎት የሞላ ሠራተኛ የአንድ ቀኑን መድኃኒት በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሊያፈስስ ይችል ነበር። በዚህ ስሕተት ሕሙማን ተጎድተዋል። በ2010 የአገሪቱ የሕሙማን ደኅንነት ተቋም እነዚህ መሣሪያዎች ይበልጥ አስተማማኝ በሆኑ እንዲተኩ ያሳሰበው በዚህ የተነሣ ነው። ስሕተቱን የሠሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ደክመው፣ ቸኩለው ወይም በሚገባ ሳይሠለጥኑ የሠሩ ነበሩ።

ከዚህም የከፋ አለ። በእንግሊዝ አገር በጎስፖርት ዋር ሜሞሪያል ሆስፒታል የሆነውን የመረመረው ገለልተኛ ጉባኤ በሰኔ 2018 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1989 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ውስጥ የ456 ሰዎች ሕይወት ያለ በቂ የሕክምና ምክንያት በተሰጡ ኃይለኛ ማስታገሻዎች ምክንያት ማጠሩን ገለጠ። ሰነዶቻቸው የጠፉ ቢያንስ ሌሎች 200 ሰዎችም በዚህ ሳይጎዱ እንዳልቀሩ ተናገረ። ብዙዎቹ መድኃኒቱን የወሰዱት ያን ለርኅራኄ የተሠራውን ስሪንጅ ገፊ መሣሪያ በመጠቀም ነበር። ጉዳዩን ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ በ1991 አንዳንድ ነርሶች ሥጋታቸውን ገልጸው ሳሉ የሚሰማቸው ማጣታቸው ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው። በአንዱ ቤት ምሕረት የሆነው በሌላው ቤት ሞት ሆነ። ልዩነቱ የመጣው በየዕለቱ «ለምን ይሰጣል? ምን ያህል? ማን አየው?» ብሎ መጠየቅ በመቅረቱ ነው።

የግብረ ገብ ትምህርት አለማወቅን በሁለት ይከፍለዋል። ሊወገድ የማይችል አለማወቅ አለ፤ ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ሊያውቅ ያልቻለው ነው፤ በዚህ አይጠየቅበትም። ሊወገድ የሚችል አለማወቅም አለ፤ ጠይቆ ሊያውቀው ሲችል በቸልታ ወይም በኵራት የተወው ነው፤ በዚህ ይጠየቅበታል። የእኔ የዚያ ምሽት አለማወቅ ከየትኛው ወገን ነበር? የምታውቀው ነርስ ከእኔ አንድ እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። ዘወር ብዬ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። እንግዲህ ለራሴ የማገኘው ምክንያት የለም።

የድኻው ጥያቄ

ይሁን እንጂ የዚያ ልጅ ቍጣ መልስ ሊነፈገው አይገባም። «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ላላቸው ሰዎች ነው፤ በግ ሸጦ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው ግማሽ ስሪንጅ መድፋት ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

በመጀመሪያ እውነቱን እንቀበል። የሚበልጠው በደል በስሪንጅ የሚደፋው አይደለም፤ ፈጽሞ የማይደርሰው ነው። በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የአንድ ኮሚሽን ዘገባ እንደሚለው፣ በዓለም ከሚሠራጨው በሞርፊን ልክ የተሰላ 298.5 ቶን ጽኑ ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ስለ ማስታገሻ ጥንቃቄ ሲናገር ድኻውን ከነሥቃዩ የሚተው እንዳይሆን ሊፈራ ይገባዋል። መድኃኒቱን በመፍራት ሕመምተኛን ያለ ማስታገሻ መተውም ራሱን የቻለ በደል ነው።

ሁለተኛ፣ ድኽነት ጥንቃቄን አያስቀርም፤ ቀላል መንገድ እንድንፈልግ ግን ያስገድደናል። ለዚህ ኡጋንዳ ምሳሌ ናት። ሐኪምዋ አን ሜሪማን በ1993 ሆስፒስ አፍሪካን በካምፓላ ከመሠረቱ በኋላ፣ የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነገር ተጨምሮበት፣ በጠርሙስ ታሽጎ ለሕሙማን በየቤታቸው መስጠት ተለመደ። በ2004 ደግሞ ሕጉ የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደ። ሕመምተኛው መዋጥ እስከ ቻለ ድረስ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ነገር ግን ያ ቀላል ጠርሙስም ቢሆን ተመዝኖ፣ ተለክቶ፣ ቀኑና መጠኑ ተጽፎበት የሚሰጥ ነው። በአገራችንም በ2003 በአዲስ አበባ የተጀመረው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በቤታቸው እየጎበኘ ይህን የማስታገሻ እንክብካቤ አስተዋውቋል።

ሦስተኛ፣ ለድኻ የሚሰጥ ነገር «ለእርሱ ይበቃዋል» ተብሎ በጎደለ ጥንቃቄ ሊሰጥ አይገባም። እኔ በዚያ ምሽት ለልጁ ገንዘብ የራራሁ መስሎኝ ለእናቲቱ ሰውነት አልራራሁም። ባለጠጋ ሰው ቢሆን የተረፈውን ስሪንጅ በመደርደሪያ ላይ እንዲያሳድሩለት እመክረው ነበርን? አይመስለኝም። ልጁን በእውነት ለመርዳት ብፈልግ መንገዱ ሌላ ነበር። የተለቀቀው ትእዛዝ እንዲስተካከልና ያልተከፈተ አምፑል ሳይባክን እንዲተርፍ ሐኪሙን ማማከር፣ ወይም የቁምስናውን የበጎ አድራጎት ማኅበር ስለ ዋጋው እንዲረዳው መጠየቅ ይቻል ነበር። ይህን በማግስቱ አደረግን። ሐኪሙም መጠኑን አስተካከለ፤ ከዚያም ወዲህ የሚደፋ ብዙ አልነበረም።

ምን እናድርግ?

ሕሙማንን የምትጠይቁ ሁሉ የሚከተለውን ብታስቡበት መልካም ነው።

ሕመምተኛ ሕመሙን እንዲናገር አበረታቱት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና፣ ዝም ብሎ መሠቃየት ብቻውን ቅድስና አይደለም። ማቅለሽለሹንም፣ የሆድ ድርቀቱንም፣ ፍርሃቱንም ለሚያክመው ሰው ይናገር።

መድኃኒትን ከመድኃኒት ጋር ለመቀላቀል፣ የተረፈውን ለማስቀመጥ ወይም መጠኑን ለመጨመርና ለመቀነስ ከራሳችሁ ምክር አትስጡ። ጠይቁ፤ ወይም የሚያውቅን ጥሩ። ሁለት መድኃኒቶች መስማማታቸው ካልታወቀ በየራሳቸው መስጠት እንደሚቻል ነርሶች ያውቃሉ። አንድ ተጨማሪ መርፌ ያማል፤ ነገር ግን ካልታወቀ ቅልቅል ይሻላል።

የተዘጋጀ መድኃኒት በቤት ካለ ምን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተዘጋጀና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፎበት እንደ ሆነ ተመልከቱ። ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ፣ ልጆችም ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ቢደፈርስ ወይም ቀለሙ ቢለወጥ ለነርሷ ንገሩ፤ ጠርቶ ቢታይ ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ አስታውሱ።

ሕመምተኛው ከመድከሙ በፊት ንስሐውን፣ ቅዱስ ቍርባኑንና ከቤተሰቡ ጋር ያለውን ጉዳይ እንዲፈጽም ካህን በጊዜ ይጠራ። ማስታገሻ ከጸሎት ጋር አይጣላም። ሕመሙ ሲቀልለት መጸለይ የቻለ ብዙ ሕመምተኛ አይቻለሁ።

የበላይ የሆነ ሰው ሲሳሳት ደግሞ በትሕትና የሚያርመውን ሰው አትቆጡ። በጎስፖርት የነርሶቹ ድምፅ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ! በዚያ ምሽት ያቺ ነርስ ካህን በመፍራት ዝም ብትል ኖሮ ጉዳቱ በማን ላይ ይደርስ ነበር? በካህኑ ላይ አልነበረም።

እናቲቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው፣ ልጆቻቸውን ባርከው፣ ሳይጨነቁ ዐረፉ። በአርባቸው ቀን ነርሷን በቤቱ አገኘኋትና በልጁ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዋም ነገሩን አስቀድማ ረስታው ነበር። ልጁ ግን አልረሳውም፤ «ያን ዕለት መድኃኒቱን ስትደፋው ጠልቻት ነበር» አለኝ። ቀጥሎም ቡናውን ለእርስዋ አስቀድሞ አቀረበላት።